ወገብ ሲታመም ኪስ ለምን ይመረመራል?

በዚህ አገር ወገቡን አሞት የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ ገና ተራው አልደረሰም። ጆንያ የሚሸከመው ኩሊ፣ ምጣድ ላይ አጎንብሳ የምትውለው እንጀራ ጋጋሪ፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚቀመጠው የሚኒባስ ሾፌር፣ ከወንበሯ የማትነሣው ጸሐፊ፣ ሁሉም «ወገቤን!» ይላል። እኛ ብቻ አይደለንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የታችኛው ወገብ ሕመም እንደነበረበት ገምቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሕመሙ ሳይሆን ሕመሙን ተከትሎ የሚመጣው ወጪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ወገቡን ጨምድዶ ይይዘዋል። መጀመሪያ «ብርድ መትቶህ ነው» ይባልና ቅባት ይቀባል። አልተወው ሲል የሰፈሩ ፋርማሲ ጎራ ይላል፤ ኪኒን ይሰጡታል። በሦስተኛው ቀን ክሊኒክ ሄዶ መርፌ ይወጋል። መርፌው አንድ ሌሊት አስተኝቶት ሕመሙ ሲመለስ ደግሞ «ኩላሊት ሊሆን ይችላል» ተብሎ ሽንት ይሰጣል፣ አልትራሳውንድ ይነሣል። እግረ መንገዱን ደሙ ይቀዳና «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ይባላል። ቀጥሎ ራጅ። ከራጅ በኋላ «አልታየም፣ ኤም አር አይ ያስፈልግሃል» ይባላል። ገንዘቡን ከዕቁብ፣ ከዘመድ፣ ከደመወዝ ብድር ያሰባስብና ይነሣል። ፊልሙን በትልቅ ፖስታ ይዞ ሲወጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ውጤት ማንበብ አይችልም፤ «ዲስክህ ተንሸራቷል» የምትለዋን ቃል ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አይረሳትም።

ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ ሰልፍና ወጪ ወገቡን ያዳነው የትኛው ነው? እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሞቹ ራሳቸው ፈትነው፣ በታወቁ የሕክምና መጽሔቶች ያሳተሙትን ግን ማንበብ ለማንም አልተከለከለም። እዚያ የተጻፈውና እዚህ በየክሊኒኩ የሚደረገው ሲተያዩ አይተዋወቁም።

ከኪኒኑ እንጀምር። ፓራሲታሞልን የማያውቅ የለም። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሲድኒ ከተማ፣ በቅርቡ ወገባቸውን የታመሙ 1,652 ሰዎች ለሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በየሰዓቱ ፓራሲታሞል እንዲውጥ ተደረገ፤ ሁለተኛው ሲያመው ብቻ እንዲውጥ፤ ሦስተኛው መልኩ ኪኒን የሆነ ነገር ግን ምንም መድኃኒት የሌለበት ነገር እንዲውጥ ተደረገ። ማን የቱን እንደሚውጥ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቅም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በተባለው መጽሔት ወጣ። ፓራሲታሞሉን በሰዓቱ የዋጡት ግማሽ ያህሉ በ17 ቀን ውስጥ ዳኑ። ሲያማቸው ብቻ የዋጡትም እንዲሁ በ17 ቀን። ባዶውን የዋጡትስ? በ16 ቀን! አንባቢያን፣ የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም፤ ባዶው በአንድ ቀን ቀደመ። የአንድ ቀን ልዩነት ምንም ማለት አይደለም፤ ባዶው ኪኒን ይሻላል ማለትም አይደለም። ፓራሲታሞሉ ለዚህ ሕመም ምንም አልጨመረም ማለት ነው። ሦስት ወር ሲሞላ ደግሞ ከሦስቱም ወገን ከመቶው ከ80 በላይ የሚሆነው ድኗል። ያዳናቸው ጊዜ ነው።

«ቀላሉ ካልሠራ ጠንከር ያለ ይታዘዝልኝ» የሚል ይኖራል። እዚያው ሲድኒ ይህንንም ሞክረውታል። ወገባቸውን ወይም አንገታቸውን በድንገት የታመሙ 347 ሰዎች ገሚሶቹ ከሞርፊን ወገን የሆነ ኃይለኛ ማስታገሻ፣ ገሚሶቹ ባዶ ኪኒን ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ውጤት እንደሚለው ከስድስት ሳምንት በኋላ በሕመማቸው መጠን ልዩነት አልተገኘም። በእኛ አገር እንደ ልብ የሚወራለት ትራማዶል የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የእሱ ጉድ ሌላ ነው፤ ስንት ወጣት «ለወገቤ» ብሎ ጀምሮ ለሱስ እንደተዳረገ የየሰፈሩ ሰው ይናገራል። ወደ እግር ለሚወርደው ሕመም የሚታዘዘው ፕሬጋባሊንም እ.ኤ.አ. በ2017 በ209 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ከባዶው ኪኒን አልበለጠም። ማዞሩ ግን ለብቻው ትርፍ ሆኖ ተገኝቷል።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ላይ ስንደርስ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። እነዚህ ትንሽ ይረዳሉ። ትንሽ ያልኩት ሆነ ብዬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከሚፈቅዳቸው ጥቂት መድኃኒቶች ውስጥ እነሱ አሉ። ነገር ግን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ያደማሉ፣ የደም ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። «ኩላሊቴን አመመኝ» ብሎ ዳይክሎፌናክ በመርፌ ሲወጋ የሚከርም ሰው በገዛ ገንዘቡ ኩላሊቱን እያሳመመ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2013 ዳይክሎፌናክ የልብ ሕመም ላለበት ሰው እንዳይሰጥ አሳስቧል። የእኛ ሰፈር ፋርማሲ ልብህ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀው ሰው ካለ እጁን ያውጣ!

መርፌማ ነገሩ እምነት ሆኗል። «መርፌ ሳይወጋኝ መልሰው ሰደዱኝ» ብሎ ሐኪሙን የሚያማ ስንቱ ነው። ዳይክሎፌናክ በኪኒንም ሆነ በመርፌ ያው ዳይክሎፌናክ ነው። ደም ውስጥ ከገባ በኋላ በየት በር እንደገባ አይታወቅም፤ ጨጓራንም በመርፌ ስለተሰጠ አይምረውም። መርፌው የሚጨምረው ነገር ቢኖር መቀመጫ ላይ ያለቦታው ከተወጋ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊመታ መቻሉ ነው። ወገቡን ሊታከም ሄዶ እግሩን እየጎተተ የተመለሰ ሰው ታሪክ ተረት አይደለም። ቀይዋ የቫይታሚን ቢ መርፌም እጥረት ላለበት ሰው ጠቃሚ ናት፤ ለወገብ ሕመም ግን የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ውስጥ ስሟ እንኳን የለም። መመሪያው በቅድሚያ የሚመክረው ምን መሰላችሁ? ሙቅ ነገር ማስያዝ፣ መታሸት፣ መንቀሳቀስ። እናቶቻችን በጨርቅ ጠቅልለው የሚያስይዙን ሙቅ ውኃ ማለት ነው!

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንግባ። ወደ ፎቶው።

አንዲት የ63 ዓመት አሜሪካዊት ሴት ወገባቸውን ታመው፣ ሕመሙም ወደ ቀኝ እግራቸው ይወርድ ነበር። ተመራማሪዎች እኚህን ሴት በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥር የተለያዩ ማዕከላት ልከው አሥር ጊዜ ኤም አር አይ አስነሡዋቸው። ሴትዮዋ አንድ፣ ወገባቸው አንድ፣ ሳምንቱ ያው። አሥሩ ማዕከላት በውጤት ወረቀታቸው ላይ በድምሩ 49 ዓይነት ችግር አገኘን ብለው ጻፉ። ከ49ኙ ውስጥ አሥሩም የተስማሙበት ስንት ነው? አንድም! ከግኝቶቹ ሢሶ ያህሉን ያየው አንድ ማዕከል ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ዘጠኙ አላዩትም። ይህ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ነው። አሜሪካ እንዲህ ከሆነ፣ እኛ አገር አንድ ወረቀት ይዞ «በሽታዬ ታወቀ» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ምን ያህል ማወቁን ልብ ይሏል።

ከዚያም የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ወገባቸውን ጨርሶ የማያማቸው 98 ጤነኛ ሰዎች ኤም አር አይ ተነሥተው ነበር። የሁሉም ዲስክ ደህና ሆኖ የተገኘው ከመቶው 36ቱ ብቻ ናቸው። ከግማሽ በላይ በሆኑት አንድ ወይም ከዚያ በላይ ዲስክ አብጦ ታየ። ሰዎቹ ግን ይሠራሉ፣ ይስቃሉ፣ ምንም አይሰማቸውም። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 የ3,110 ጤነኛ ሰዎችን ፎቶ ያሰባሰበ ጥናት ነገሩን ግልጽ አደረገው። ሕመም የሌለባቸው የ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ ከመቶው 37ቱ ዲስካቸው ያረጀ ይመስላል። 80 ዓመት ላይ 96 ይደርሳል። ማለትም ፎቶው የሚያሳየው በአብዛኛው የወገብ ሽበት ነው። ፀጉሩ ሸበተ ተብሎ ራስ ምታቱ ከሽበቱ መጣ የተባለ ሰው አለ?

«ተንሸራተተ» የምትለውን ቃል ማን ወደ አማርኛ እንዳስገባት ባውቅ ደስ ባለኝ። ዲስክ ሳሙና አይደለም፤ ከቦታው አምልጦ የሚንሸራተት ነገር የለም። በሁለት አጥንቶች መካከል ተጣብቆ ያለ ጠንካራ ነገር ነው። ሊያብጥ፣ ከውስጡም ትንሽ ሊያወጣ ይችላል፤ ያ የወጣውም ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ እየተመጠጠ ይቀንሳል። ሰው ግን «ተንሸራተተ» ሲባል የሚታየው ጡብ ከግድግዳ ሾልኮ ሲወጣ ነው። አሁን ትንሽ ጎንበስ ቢል ቤቱ የሚፈርስ ይመስለዋል።

አንዲት ጎረቤቴ አሉ፤ እንጀራ እየጋገሩ ልጆች ያስተማሩ ሴት። በአንድ የምርመራ ማዕከል ተነሥተው «ሁለት ዲስክዎ ተንሸራቷል፣ ዕቃ እንዳያነሡ» ተባሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ባልዲ አላነሡም፣ ምጣዱንም ሸጡት። የወገብ ቀበቶ ታጥቀው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?» ስላቸው «ምን እውላለሁ ልጄ፣ ይቺ ነገር እንዳትወጣብኝ እየጠበቅኋት» ይሉኛል። ሕመሙ ቀንሶላቸው ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ሥራቸውን ነጠቃቸው። ሳይንሳቀሱ በቆዩ ቁጥር ጡንቻቸው እየላላ ሕመሙ ተመልሶ መጣ። ለዚህ ነው ገንዘብ የከፈሉት። ቀበቶውንም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው የ2023 መመሪያው ሥር ለሰደደ ሕመም አትጠቀሙበት ብሏል።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2001 ይህንን በራጅ አሳይተዋል። ወገባቸውን ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያህል የታመሙ 421 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ራጅ አስነሡ፤ ሌላውን አላስነሡም። ከሦስት ወር በኋላ ከተነሡት 74 ከመቶው አሁንም ያማቸዋል፤ ካልተነሡት 65 ከመቶው። የተነሡት ሐኪም ቤት ይመላለሳሉም። የሚያስገርመው ግን በሕክምናው ይበልጥ የረኩት እነዚሁ የተነሡት መሆናቸው ነው! ታማሚ ፎቶ ይወዳል። ነጋዴ ደግሞ ታማሚ የሚወደውን ያውቃል።

ኩላሊቱና ታይፎይዱ ላይ ብዙ ጊዜ አላጠፋም። የኩላሊት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከጎድን አጥንት ሥር፣ በጎን በኩል ነው፤ ትኩሳት፣ ሽንት ማቃጠል ወይም የሚያንፈራግጥ ቁርጠት አብሮት ይመጣል። ጎንበስ ሲሉ የሚይዝ፣ ሲጋደሙ የሚለቅ ሕመም የወገብ ነው። በየክሊኒኩ የሚሠራው የታይፎይድ የደም ምርመራ ደግሞ ከዚህ ቀደም በሽታው ይዟችሁ የሚያውቅ ከሆነም «አለ» ሊል ይችላል። ትኩሳት ለሌለበት የወገብ ታማሚ ይህን ማዘዝ ወንዝ ዳር ቆሞ ዝናብ ዘንቧል ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

እንግዲህ «ምርመራ ከንቱ ነው ልትለን ነው?» የሚለኝ ካለ፣ አላልኩም። ይልቁን የሚያስቆጣኝ ተቃራኒው ነው። ምርመራ በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ እሱ ነው ወረፋ ላይ የሚያልቀው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና አለባቸው ከሚላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ ሳንባ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ አከርካሪ ውስጥም ይገባል። ለወራት የማይለቅ፣ ሌሊት የሚብስ ሕመም፣ ከላብ፣ ከትኩሳትና ከክሳት ጋር ከመጣ ይህ «ብርድ» አይደለም። በጊዜ ከተደረሰበት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ በሚሰጠው የቲቢ መድኃኒት ይድናል፤ ከዘገየ ጀርባ ያጎብጣል፣ እግር ያሽመደምዳል። ያልፈላ ወተት ከሚጠጣበት አካባቢ የመጣ ሰውም ብሩሴሎሲስ የሚባለው የከብት በሽታ ወገቡን ሊይዘው ይችላል። ካንሰር ታሞ የሚያውቅ፣ ከከፍታ የወደቀ፣ እግሩ እየደከመ የሄደ ሰው አይጠብቅ፤ ይመርመር። ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ወይም በመቀመጫውና በጭኑ መካከል የደነዘዘውማ ያንኑ ቀን ይሂድ፤ ያ ድንገተኛ ነው። እነዚህ ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ለሁሉም ያው ዳይክሎፌናክ በሚወጋበት ቤት የአከርካሪ ቲቢ የያዘውም ሦስት ወር ሙሉ ዳይክሎፌናክ ሲወጋ ይከርማል።

ታዲያ ለምን ይቀጥላል? «ላዘዘው ሐኪም ድርሻ አለው» የሚባለውን ሐሜት ለሐሜተኛ እንተወውና በግልጽ የሚታየውን እንናገር። መርማሪው፣ ላቦራቶሪው፣ ራጁና ፋርማሲው በአንድ ጣሪያ ሥር ከሆኑ፣ «ምንም አያስፈልግህም፣ ሂድና ተራመድ» የሚል ሐኪም ለድርጅቱ ኪሳራ ነው። ለምክር ደረሰኝ አይቆረጥም። የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪምም ቢሆን ከበሩ ውጪ የተደረደረውን ሕዝብ እያየ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብሎ የማስረዳት ጊዜ ከየት ያመጣል? ማዘዣ መጻፍ አንድ ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን ብቻ ማማት ደግ አይደለም። እኛም ብንሆን ባዶ እጃችንን ስንወጣ «አላከመኝም» እንላለን።

ዝም ያለው መንግሥት ነው። ጤና ሚኒስቴር ስለ ክትባት፣ ስለ ወባ፣ ስለ እጅ መታጠብ በሬዲዮ ሲናገር እንሰማለን፤ ደግ አድርጓል። ስለ ወገብስ? የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ከ1997 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሕዝቡን ወጥራ ያዘች። መልእክቱ አጭር ነበር፤ ወገብዎን ሲያምዎ አይተኙ፣ ይንቀሳቀሱ፣ ወደ ሥራዎ ይመለሱ። የሕዝቡ አስተሳሰብ ተለወጠ፣ የሐኪሞቹም ተለወጠ፤ በወገብ ሕመም ምክንያት የሚቀርበው የካሣ ጥያቄም ከ15 በመቶ በላይ ቀነሰ። ማስታወቂያው ባልነበረበት በአጎራባቹ ኒው ሳውዝ ዌልስ ይህ አልታየም። ይህን ያደረገው አዲስ ማሽን ሳይሆን ወሬ ነው፤ ትክክለኛ ወሬ።

መልእክቱም ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ ከተማ አስተዳደር 186 ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሁለት ቀን ከተኙትም ሆነ ልዩ የወገብ እንቅስቃሴ ከታዘዘላቸው ይልቅ ቶሎ ያገገሙት የዕለት ሥራቸውን በቻሉት መጠን የቀጠሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከወገብ ሕመም የዳኑ 701 አውስትራሊያውያን ላይ በተደረገ ጥናት፣ በባለሙያ ምክር እየታገዙ ዘወትር የተራመዱት ሕመሙ እስኪመለስባቸው ድረስ በአማካይ 208 ቀን አገኙ፤ ያልተራመዱት 112 ቀን። መራመድ! በኮሪደር ልማቱ ስንት የእግረኛ መንገድ ተነጠፈ እየተባለ ይወራልናል። ሰዉ ለምን እንደሚራመድበት ቢነገረው ምን ነበረበት?

ኩሊውንና እንጀራ ጋጋሪዋን «ተራመዱ» ብሎ መሸኘት ፌዝ እንደሚሆን አላጣሁትም። እነሱ ሲጀመርም አልተቀመጡም። ለእነሱ የሚያስፈልገው ሸክሙ የሚቀልበት ጋሪ፣ ቁመት ያለው የምጣድ ማስቀመጫ፣ ሁለት ሳምንት ቀለል ያለ ሥራ ሠርቶ ደመወዝ የማይቆረጥበት አሠራር ነው። ይህን የሚሰጥ አሠሪ ስንት ነው? ኪኒኑን ግን ሁሉም ይሰጣቸዋል፤ ነገም ጠዋት ያንኑ ጆንያ እንዲሸከሙ።

ከሚመለከታቸው የምንጠብቀው ብዙ አይደለም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን ትራማዶልና መርፌ ይቆጣጠር። ጤና ሚኒስቴር በየጤና ጣቢያው ሁለት ገጽ የአማርኛ ወረቀት ይለጥፍ፤ የትኛው የወገብ ሕመም አደገኛ እንደሆነ፣ የትኛው ራሱን ችሎ እንደሚድን የሚናገር። የምርመራ ማዕከላትም በውጤት ወረቀታቸው ግርጌ «ይህ ለውጥ ሕመም በሌለባቸው ሰዎችም በብዛት ይታያል» የምትል አንዲት መስመር እንዲጨምሩ ይታዘዙ። ለሬዲዮ ማስታወቂያው የሚጽፍ ሰው ከጠፋ እኔ በነፃ እጽፋለሁ።